ከደጀ ሰላም የሚመለሰው ጎልማሳ

ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ከተማ የስሟን በዓል ታከብራለች። ዋዜማውን ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሙልሙል ይታደላል። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ያድራል። ቅዳሴው ደርሶ «ቅረቡ» ሲባል ግን ወደ ሥጋ ወደሙ የሚሄደውን ሰልፍ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከፊት እናቶቻቸው ያዘሏቸው ሕፃናት አሉ፤ ከኋላ መቋሚያ የተመረኮዙ አዛውንቶች አሉ። መካከሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጎልማሳው ከግቢው ዛፍ ሥር ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህ የደብረ ታቦር ብቻ አይደለም፤ ከጋይንት እስከ አዲስ አበባ ያው ነው።

ለምን ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «እኔ ምን ብቃት አለኝ?» ይህ መልስ ትሕትና ስለሚመስል ማንም አይሞግተውም። መሞገት ግን ነበረበት።

ታቦር ተራራ ላይ የወጡት ሦስት ደቀ መዛሙርት ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ጴጥሮስ ነው። ብርሃኑን በዓይኑ አይቶ፣ እዚሁ ሦስት ዳስ እንሥራ ያለው እሱ ነው። ያው ሰው በካህናት አለቃው ግቢ እሳት እየሞቀ፣ በአንዲት ገረድ ጥያቄ ተርበትብቶ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ስትሠራ ይህን ታውቅ ነበር፤ የጴጥሮስን ስም ከታቦር ታሪክ አልፋቀችም። በሌላ በኩል ይሁዳን እንመልከት ቢባል፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ይሁዳም ተጸጽቷል። ሠላሳውን ብር መልሷል፤ ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጠሁ ብሎ ለካህናቱ ተናግሯል። የቀረው አንድ ነገር ወደ ጌታው መመለስ ነበር። ጴጥሮስ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ ይሁዳ ብቻውን ሄደ። እንግዲህ ከዛፍ ሥር ሆኖ «አልበቃሁም» የሚለው ጎልማሳ የማንን መንገድ እንደ ትሕትና እየቆጠረ ነው?

ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህን ያስተማረው ጎረቤቱ ነው። ቅዳሜ ማታ አረቄ ቤት የታየ ሰው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲገኝ «አሁን ደግሞ እሱ አማኝ ሊሆን ነው?» የሚል ሹክሹክታ ይቀበለዋል። (በጉና ብርድ አረቄ ያልቀመሰ ስንት ወንድ እንዳለ ሐሜተኛው ራሱ ያውቃል።) ያለ ጋብቻ የወለደችማ ልጇን ክርስትና ለማስነሣት ስትመጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። የሚገርመው ይኸው ሕዝብ የካቲት 16 ቀን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሲሰማ እልል ይላል። ትውፊቱ እንደሚለው 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። ሰው ለበላው እልልታ፣ አንድ መለኪያ ለጠጣው ሐሜት! ለዐፄ ቴዎድሮስም እንዲሁ ነው። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን ያቃጠለው፣ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን መቅደላ ላይ ያሰረው ንጉሥ ሲነሣ የዚያ አገር ሰው ሰበብ አያጣለትም፤ ሐዘኑን፣ የሹማምንቱን ክዳት፣ የዘመኑን ክፋት ይቆጥርለታል። ያንኑ ያህል ሰበብ ለጎረቤቱ ቢፈልግ ምን ነበረበት?

ነገሩ ከአረቄም ያልፋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገብቶ ወደ ጉና ሲገፋ፣ ደብረ ታቦር ላይም ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ ያልተነካ ቤት ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። መሣሪያ ያነሣ፣ የሰው ንብረት የዘረፈ፣ ወንድሙን የጠቆመ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ዛሬ በየመንደሩ አለ። ዝም ብሏል። ይህ ሰው «ለእኔስ ቤተ ክርስቲያን የለችም» ብሎ ከቆረጠ ለሁለተኛው ግድያ ምን ያግደዋል? ተስፋ የቆረጠ ታጣቂ ለአካባቢው ምን እንደሆነ ለመረዳት የነገረ መለኮት ትምህርት አያስፈልግም።

«ታዲያ ኃጢአትን ማቅለል አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያለ ንስሐ ቁረቡ ያለ ግን የለም። ንስሐ ደግሞ ከኑዛዜ በኋላ ቀኖና አለበት፤ የሰረቀ ይመልሳል፣ ደም ያፈሰሰ ለሟች ቤተሰብ በሽማግሌ በኩል ዕርቅ ይለምናል፣ ካሣ ይከፍላል። በሰማንያ ተጋብቶ ለዓመታት የኖረ ባልና ሚስትም አብረው ንስሐ ገብተው በቁርባን መወሰን ይችላሉ፤ ብዙዎቹን ያራቃቸው ይኸው ጉዳይ ሆኖ ሳለ ጠርቶ የሚነግራቸው አላገኙም። ከብዶ የሚታየው መመለስ ነው፤ ከዛፍ ሥር መቆምማ ምን ያስከፍላል? ሰባቱን አጽዋማት አንድ ሳያጓድል እየጾመ አንድ ቀን ያልተናዘዘ ሰው ሞልቷል፤ ጾሙ የሚቀለው ኀፍረት ስለሌለበት ነው። ወድቆ የሚነሣው፣ ደግሞ ወድቆ ደግሞ የሚናዘዘው ሰው ነው አስመሳይ የሚባለው። አስመሳይ ግን መውደቁን የሚደብቅ እንጂ ለካህን የሚናገር አይደለም።

ካህናቱም ከዚህ አያመልጡም። ስንቱ የንስሐ አባት ነው የልጆቹን ቤት የሚያውቀው በዝክርና በጠበል ጸዲቅ ቀን ብቻ? ጸበል ረጭቶ፣ ጠላውን ባርኮ፣ እንዴት ሰነበታችሁ ብሎ ይሄዳል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ታጣቂ፣ ባሏን የቀበረችው፣ ልጇን ያስወረደችው በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ምን ብለው ይናገሩ? በብዙ አጥቢያ ሙዳየ ምጽዋት የሚቆጠርበት ቀን የታወቀ ነው፤ የሕንፃ ማሠሪያ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ካህን ለኑዛዜ የሚገኝበት ሰዓት ግን የትም አልተለጠፈም።