ሄልሜት ቅንጦት ነው እንዴ?

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ኡራኤል አካባቢ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ምሳ ሰዓት ነው። ምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ሞተሮች ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ሳጥን፣ ከፊታቸው የስልክ መስቀያ። ትዕዛዝ የደረሰው ሳጥኑን ዘግቶ ወደ ካዛንቺስ ወይም ወደ ቦሌ ይፈተለካል። ያልደረሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ያፈጣል። እኛም ባለፈው ሰሞን እዚያው ቡና እየጠጣን የሞተረኞቹን ሄልሜት ማየት ጀመርን።

ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ሄልሜት አላቸው። ጥያቄው «ምን ዓይነት ሄልሜት?» የሚለው ነው። የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በገመድ ተቋጥሯል። የሌላው ውስጡ አልቆ ባዶ ቅርፊት ሆኗል። አንደኛው ደግሞ ክርኑ ላይ አንጠልጥሎታል። ለምን እንደማያጠልቀው ብንጠይቀው ሳቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለትራፊክ ነው እንጂ ለጭንቅላቴ አይደለም» አለን። ታዲያ ደህናውን ለምን አትገዛም? «ደህናውማ ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ላለው ነው።»

መልሱ አልለቀቀንም። ዘመድ ያለውስ ቢሆን በቀላሉ ያገኘዋል ወይ ብለን ሒሳቡን መሥራት ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሒሳብ ውጤት ነው።

ታክስ በታክስ ላይ

አንድ ሄልሜት ውጭ አገር በ70 ዶላር ተገዛ እንበል። ማጓጓዣና መድኑ 30 ዶላር ፈጀ እንበል። ድምሩ 100 ዶላር ነው። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በ70ው ላይ ሳይሆን በ100ው ላይ ነው፤ የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምረው ማለት ነው። ይህ በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው። ሄልሜት ላይ ሲመጣ ግን ለብቻው የሚጎዳ ነገር አለው። ሄልሜት ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ቢሆንም ሳጥኑ ትልቅ ነው። ፈጣን የመልእክት ድርጅቶች ደግሞ ትልቅና ቀላል ዕቃን የሚያስከፍሉት በሚዛን ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። የሳጥኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 40 በ30 በ30 የሆነ ሳጥን በዚህ ሒሳብ 7.2 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኪሎ ተኩል ልከህ የሰባት ኪሎ ትከፍላለህ፤ ከዚያ በከፈልከው ማጓጓዣ ላይ ደግሞ ቀረጥ ትከፍላለህ።

አሁን ወደ 100 ዶላሩ እንመለስ። የቀረጥ ምጣኔው እንደ ዕቃው ዓይነት ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። መካከል ላይ ያለውን 20 በመቶ ለምሳሌ ያህል እንውሰድ፤ ኤክሳይዝም አይነካውም እንበል። 100 የነበረው 120 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ (ቫቱ) 15 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን በ100 ላይ ሳይሆን ቀረጡ በተደመረበት በ120 ላይ ነው። 138 ደረስን። ቀጥሎ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሱር ታክስ ይመጣል፤ 10 በመቶ። እሱም የሚሰላው ቀረጡና ቫቱ በተደመረበት በ138 ላይ ነው። 151.80 ሆነ። በመጨረሻ በ2014 ዓ.ም. የመጣው «ሶሻል ዌልፌር ሌቪ» የተባለው 3 በመቶ አለ። እሱ እንኳ ደግ ነው፣ በመጀመሪያው 100 ላይ ብቻ ይሰላል። ድምሩ 154.80።

በ70 ዶላር የተገዛው ሄልሜት ኡራኤል ሲደርስ 154 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆኗል፤ የነጋዴ ትርፍ ገና ሳይታከልበት። ምጣኔው ከፍተኛው 35 በመቶ ቢሆን ደግሞ 173.78 ይደርሳል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በልልን። ብዙ ሰው «ቀረጡ ይነሳ» ሲል ችግሩ የሚያልቅ ይመስለዋል። ቀረጡ ዜሮ ቢሆንስ? 100ው በቫት 115፣ በሱር ታክስ 126.50፣ በሌቪው 129.50 ይሆናል። ቀረጥ የሚባል ነገር ሳይኖር ሠላሳ በመቶ ሊሞላ ግማሽ ብቻ የቀረው ጭማሪ አለ። ስለዚህ ጥያቄው ስለ አንድ ምጣኔ ብቻ አይደለም። እርስ በርሳቸው ተደራርበው ስለሚሰሉት ክፍያዎች ሁሉ ነው።

ሐምሌ 22

በዚህ ላይ ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በ22 በኡራኤል ዕለት መሆኑ ነው፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ።

የታክስ ምጣኔው አልተነካም። ነገር ግን ታክሱ የሚከፈለው በብር ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ 100 ዶላሩ ላይ የሚጨመረው 54.80 ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 3,124 ብር ገደማ ነበር። በ100 ብር ሲመነዘር 5,480 ብር ይሆናል። ዶላሩ ደግሞ እዚያም አልቆመም። ማንም አዋጅ ሳያወጣ፣ ማንም ሳይከራከር፣ ሄልሜቱ ላይ የሚከፈለው ብር ወደ እጥፍ ተጠጋ። የሞተረኛው የአንድ ጉዞ ክፍያ በዚያው ልክ አድጎ ይሆን? መልሱን ለእነሱ እንተወዋለን።

ማጥለቅ ግዴታ፣ መግዛት ቅጣት

የትራፊክ ደንባችን ሞተር የሚነዳ ሰው ሄልሜት እንዲያጠልቅ ያስገድዳል፤ ያላጠለቀ ይቀጣል። ጥሩ ሕግ ነው፣ እንደግፈዋለን። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት በሞተረኞች ላይ የራስ ጉዳት አደጋን 69 በመቶ፣ የሞት አደጋን ደግሞ 42 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ይህን የሚያህል ነገር የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ብዙ የለም።

ግን ሕጉ «አድርግ» ብሎ ሲያዝና ታክሱ «አትግዛ» ሲል ሰው ምን ያደርጋል? ትራፊኩን የሚያታልል ነገር ይፈልጋል። ቬትናም ይህን አይታለች። ከታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄልሜት በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ ሲሆን የሚያጠልቀው ሰው ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ፤ ትልቅ ድል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጥራት የሌላቸው ሄልሜቶች ሌላ ራስ ምታት ሆኑ። ጭንቅላት ላይ አለ፣ ሲወድቁ ግን አያድንም። የኡራኤሉ ሞተረኛ የነገረን ይህንኑ ነው።

ደህናውን ከመጥፎው የሚለየው የሚያብረቀርቀው ቅርፊት አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ጠጣር ፎም ነው ግጭቱን ተሰባብሮ የሚውጠው። አንዴ ከተሰባበረ ደግሞ አይመለስም፤ ለዚህ ነው አንዴ የተጋጨ ሄልሜት የሚጣለው። ታዲያ ደህና አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ሳልባጅ ሲገዛ፣ ያ ሄልሜት ከዚህ በፊት የሌላ ሰው አደጋ ላይ «ሥራውን ጨርሶ» እንደሆነ በምን ያውቃል?

መንግሥት ያውቀዋል

«ታክስ የሰው ባሕሪ አይለውጥም» የሚለን ካለ መንግሥትን ራሱን እንጥቀስለት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ታክስ ሰማይ ሰቀለው፤ እስከ 500 በመቶ። ዓላማው ሰው ያረጀ መኪና እንዳያስገባ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች ቫት፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ አነሳ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡትም ቀረጡን 15 በመቶ አደረገ። ዛሬ በካዛንቺስ መንገድ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉን መኪኖች የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ አንድን ዕቃ «ይህ ለአገር ይጠቅማል» ብሎ ከታክሱ ክምር ውስጥ ማውጣት ይቻላል። ሲደረግም አይተናል። ለመኪናው ባትሪ የታሰበው ለሞተረኛው ጭንቅላት ለምን አይታሰብም?

ሞተረኛ ሲነሳ ባለሥልጣናቱ ቶሎ የሚታያቸው ሌላ ነገር መሆኑን እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. የወቅቱ ምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተሮች አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ መከልከላቸውን ሲያስታውቁ ምክንያቱ ወንጀል ነበር። በኋላ ሞተሮቹ በምዝገባና በፈቃድ ተመለሱ። ሞተረኛው ግን እስከ ዛሬ በፖሊሲ ዓይን በመጀመሪያ ተጠርጣሪ ነው፤ ሠራተኛ መሆኑ የሚታወሰው ምግቡ ሲዘገይ ነው።

«ግን እኮ…»

የሚነሱትን ክርክሮች እናውቃቸዋለን። አንደኛው «መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል» የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ዓይነት ሒሳብ ነው። አንድ ወጣት ጭንቅላቱ ተመቶ አቤት ሆስፒታል ሲገባ ቀዶ ሕክምናው፣ አልጋው፣ የወራት ማገገሚያው ማን ላይ ነው የሚወድቀው? ከፊሉ በቤተሰቡ፣ ከፊሉ በዚያው በመንግሥት ካዝና ላይ ነው። ከአንድ ሄልሜት የተሰበሰበው ጥቂት ሺህ ብር የአንድ ሳምንት አልጋ እንኳ አይሸፍንም ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ሁለተኛው «ትልልቅ ሞተር የሚነዱ የሀብታም ልጆች መጠቀሚያ ይሆናል» የሚለው ነው። ይሁን። የሀብታም ልጅም ጭንቅላት አለው። ደግሞም እሱ ዛሬም ይገዛዋል። ዋጋው ቢቀንስ ኑሮው የሚለወጠው ሳጥን ጭኖ የሚሮጠው ነው።

ሦስተኛው ጠንካራ ነው፤ «ነጻ ካደረጋችሁት በሄልሜት ስም አሻንጉሊት ይገባል» ይላል። ለዚህ መፍትሔው ነጻነቱን ከስሙ ጋር ሳይሆን ከደረጃው ጋር ማሰር ነው። እንግሊዝ ይህን ታደርጋለች። ቫቷ 20 በመቶ ቢሆንም የሞተር ሄልሜት ዜሮ ነው፤ ሆኖም የተቀመጠውን የደኅንነት ደረጃ ያሟላ ከሆነ ብቻ። የሞተር ጃኬት ግን እዚያም ይከፍላል። እኛም ከዚያ እንጀምር ነው የምንለው፤ ጃኬቱ፣ ጓንቱና የጉልበት መከላከያው ይደርሱበታል፣ መጀመሪያ ጭንቅላት ይትረፍ።

ታክሱ ብቻውን ጥፋተኛ ነው አንልም። የውጭ ምንዛሪው አለ፣ ማጓጓዣው አለ፣ የነጋዴውም ትርፍ አለ። ከነዚህ ሁሉ በአንድ ፊርማ ሊቀንስ የሚችለው ግን ታክሱ ነው።

የምንጠይቀው

አንደኛ፣ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22ን ያሟላና ምልክቱ ያለበት ሄልሜት ከቀረጥ፣ ከቫት፣ ከሱር ታክስና ከሌቪው በአንድ ላይ ነጻ ይሁን። አንዱን አንስቶ ሦስቱን መተው ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል።

ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ልጅ የሚይዘው አንድ ሄልሜት ያለ ጥያቄና ያለ ክርክር እንዲያልፍ በመመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። አንድ ሄልሜት ንግድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ይህ ሲሆን ቁጥጥሩም ይምጣ። ደረጃውን ያላሟላ ቅርፊት «ሄልሜት» ተብሎ አይሸጥ። ትራፊክ ፖሊሱም «አጥልቀሃል ወይ?» ከማለት አልፎ «ምኑን ነው ያጠለቅከው?» ይበል። ዋጋው ሳይቀንስ ይህን መጠየቅ ግፍ ነው፤ ዋጋው ከቀነሰ በኋላ አለመጠየቅ ደግሞ ቸልተኝነት ነው።

አራተኛው ለዴሊቨሪ ድርጅቶችና ለሞተረኛ ማኅበራት ነው። አንድ ሄልሜት በአንድ ሳጥን ማምጣት ምን ያህል እንደሚያከስር አይተናል። በመቶዎች አንድ ላይ በመርከብ ቢመጣ የማጓጓዣው ድርሻ ይወርዳል፤ ማጓጓዣው ሲወርድ በላዩ ላይ የሚሰላው ታክስም ይወርዳል። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ እንኳ ይህን የሚከለክል የለም።

አምስተኛው ለራሳችን ነው። ያን ቀን ኡራኤል ቁጭ ብለን ይህን ሁሉ ስናወራ ከመካከላችን አንዱ ለቢሮ ጓደኞቹ ምሳ አዝዞ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሲዘገይ ደወለና ተቆጣ። ሞተረኛው ሲደርስ ላብ በላብ ሆኗል፤ ይቅርታ ጠይቆ ሳጥኑን ከፈተ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ማሰሪያው እጁ ላይ ቀረ። እሱም አልገረመው፤ ኪሱ ከተተውና ወደሚቀጥለው ትዕዛዝ ሄደ።