የኮክ ዛፍ ሲከረከም

የደንዲ እናቶችና አባቶች፣ የጓሯችሁ ኮክ ፍሬው አነሰ? ለማገዶ ልትቆርጡት አሰባችሁ? ቆዩ፣ መጥረቢያው ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ ዛፉ አርጅቶ ሳይሆን ቅርንጫፉ ተጨናንቆ፣ ፀሐይ አጥቶ ነው።

ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው ቀንበጥ ላይ ነው። አንዴ ያፈራው ቀንበጥ ዳግም አያፈራም። አዲስ እንዲያወጣ በየዓመቱ እንከርክመው። ጊዜው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ፣ አበባው ሳይፈነዳ። በዝናብ ከቆረጥነው በቁስሉ በሽታ ይገባል።

መጀመሪያ የደረቀውንና የታመመውን፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተገውን በተሳለ መጋዝ እንቁረጥ። መሐሉ እንደ ስኒ ይከፈት። ቀንበጡን ሁሉ ግን አንላጨው፤ የሚመጣው ፍሬ እዚያ ላይ ነው።

ፍሬው ከበዛ እንጭጭ ሳለ ቀነስ እናድርገው። ያሳሳል፣ እናውቃለን! የቀረው ግን ይወፍራል፤ ከልጆች ተርፎ ለጊንጪ ገበያም ይሆናል።