የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከረዳትነት እስከ ባለ መኪናነት

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በሚኤሶ ቆላ በኩል አልፎ ነው፤ የጨርጨር ደጋ ሐዲድ አልደረሰውም። በዚያው ደጋ ያለችው የሂርና ቡናና ጫት ወደ ገበያ የሚወጣው በመኪና ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የጭነት ሥራ አቋቁመው ለቤተሰብ ያቆዩ ሰዎችን ሕይወት ይዘን ቀርበናል።

ጅማሬው የታወቀ ነው፦ ረዳት፣ ቀጥሎ ሹፌር፣ ከዚያ በዕቁብና በዘመድ ብድር የተገዛ አሮጌ አይሱዙ። ፈተናው ከዚያ ወዲህ ነው። ቡና ዋጋው እስኪስተካከል መጋዘን ይጠብቃል፤ ጫት ግን በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ ገለባ ነው። ባለ መኪናው ለጥድፊያው ይከፈለዋል፤ አደጋውን የሚሸከመው ግን መሪውን የያዘው ሹፌር ነው። ወይዘሮ ሱሁራ ኢስማኢልና ባለቤታቸው በ«571» ስም እስከ ሶማሌላንድ የዘረጉት የጫት ንግድም ከዚሁ ሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል።

ጽሑፎቻችን መሥራቾቹን አያወድሱም፤ ይጠይቋቸዋል። የሒሳቡን ደብተር ማን ያዘ? ጎማ ሲያልቅ ከማን ተበደሩ? ልጆች ሲረከቡስ የአባት ስም ብቻውን ደንበኛ ያቆያል? በእኛ እምነት በቃል የቆመ ሥራ ያለ ጽሑፍ ለወራሽ አይተላለፍም። የማይስማማ አንባቢ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።