«ፊልም አይደል እንዴ!»

ጀግናው ቀይ ሸሚዝ ለብሶ በበሩ ይገባል፤ ሳሎን ሲደርስ ሸሚዙ ሰማያዊ ነው። «እንዴ?» ስትሉ፣ «ፊልም አይደል እንዴ! ምን ያነታርካችኋል?» ትባላላችሁ። ከሰበብ ሁሉ እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም።

ለነገሩ ሸሚዙ የሚቀየርበት ምክንያት አለው። ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ አይቀረጽም። በሩ ዛሬ፣ ሳሎኑ በሳምንቱ ሊቀረጽ ይችላል። ጠረጴዛ ከበው የሚጨዋወቱ ሁለት ሰዎች እንኳ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ወገን ይቀረጻሉ፤ በመካከሉ ብርጭቆው ይሞላል፣ ሻማው ያጥራል። ሸሚዙንም ብርጭቆውንም እየመዘገበ፣ ፎቶ እያነሳ የሚውል ባለሙያ የሚቀጠረው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ያመልጣል። በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በካን ፌስቲቫል ፓልም ዶርን የወሰደው «ፐልፕ ፊክሽን» ውስጥ፣ ተኳሹ ገና ሳይተኩስ የጥይቱ ቀዳዳዎች ግድግዳው ላይ ይታያሉ። በ2000 በወጣው «ግላዲያተር» የጥንት ሮማውያን ሠረገላ ሲገለበጥ የጋዝ ሲሊንደር ብቅ ይላል። ታሪኩ ይዞን ሄዷልና ብዙዎቻችን አላየነውም። የእጅ ስህተት ይቅር ይባላል። ሼክስፒርም በ«ጁሊየስ ቄሳር» ጥንታዊት ሮም ውስጥ ሰዓት አስደውሏል፤ ማንም ከመድረክ አላወረደውም።

ይቅር የማይባለው የልብ ስህተት ነው። በ1995 የወጣው «ብሬቭሃርት» 5 ኦስካር ወስዷል። የስኮትላንዱ ዊልያም ዋላስ በ1297 እንግሊዞችን ድል የመታው በስተርሊንግ ድልድይ ነው፤ ጠላት ግማሹ ተሻግሮ፣ ግማሹ ሳይሻገር ስለደረሱበት። ፊልሙ ውስጥ ጦርነቱ አለ፣ ድልድዩ የለም! ዓድዋን ያለ ተራራ መቅረጽ በሉት። ልዕልት ኢዛቤላም በዋላስ ፍቅር ወድቃ እናያለን፤ ዋላስ በ1305 ሲገደል ግን ልጅቱ ፈረንሳይ አገር የምትኖር፣ የ10 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች። ሲሊንደር ሳይታይ ያመልጣል፤ ድልድይ ሳይታይ አያመልጥም።

አርስቶትል፣ የሚያሳምን ከሆነ የማይቻለው ነገር፣ ከማያሳምነው የሚቻል ነገር ይሻላል ብሎ አስተምሯል። እውነቱን ነው። ሰው ሲበርር እናምናለን፤ በደንብ ይብረር እንጂ።

የእኛን ፊልሞች የሚገድላቸው ታዲያ ሸሚዙ አይደለም። ልጇ የሞተባት እናት ቅንድቧን ተቀንድባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ታለቅሳለች። የዕለት ጉርስ ያጣ ቤተሰብ ቪላ ውስጥ ይቸገራል። ለስደት የሚነሳው ጎረምሳ ትልቁን ሻንጣ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ይሰናበታል፤ ባዶ ነዋ! ሴትዮዋ ባዶ ሲኒ ወደ አፏ አንስታ «እፍ» ትላለች። ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት አገር!

«በጀት የለንም» ይሉናል። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ድንጋይ ማስገባት፣ ሲኒው ውስጥ ቡና መቅዳት ስንት ብር ይፈጃል? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የጎደለው ገንዘቡ ሳይሆን ለተመልካቹ ያላቸው ክብር ነው። «ማን ያስተውላል?» ማለት «ሁሉም ሞኝ ነው» ማለት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከሲኒማ ቤቱ ይወጣል። ድህነትን በቪላ፣ ሐዘንን በኩል፣ ስደትን በባዶ ሻንጣ ማየት የለመደ ዐይን፣ እውነተኛው ችግረኛ ደጁ ሲቆም «ይኼማ አይመስልም» ብሎ ያልፈዋል።

ጄምስ ካሜሮን በ«ታይታኒክ» 11 ኦስካር ሰብስቦ፣ ገንዘቡንም አፍሶ ጨርሶ ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኒል ዲግራስ ታይሰን ግን መርከቢቱ በሰጠመችበት የ1912 ሌሊት ሰማዩ ላይ የነበሩት ከዋክብት እነዚህ እንዳልሆኑ ደጋግሞ ነገረው። ካሜሮን «ፊልም አይደል እንዴ!» አላለም። በ2012 ፊልሙ በሦስት አውታር ተሠርቶ ዳግም ሲወጣ ሰማዩን አስተካከለ።

እኛ ሰማዩን አስተካክሉልን አላልንም። ሲኒውን ሙሉልን።