ባለ ጃንጥላው

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሐዋሳ፣ ከፍቅር ሐይቅ ራቅ ብሎ ቄጠማው በሚበዛበት ዳርቻ ቆሜ ሳለሁ፣ ከዚህ ቀደም በዚያ ስፍራ ያላየሁት ወፍ አየሁ። መላ አካሉ ከሰል መሳይ ጥቁር ነው፤ እግሩም ጥቁር ሆኖ ጣቶቹ ብቻ ቢጫ ናቸው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተራመደና ድንገት ክንፎቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ጫፍ ለጫፍ ገጠማቸው፤ ራሱንም ከሥር ቀበረ። ወፉ ጠፋ። በውኃው ላይ የቀረው የተዘረጋ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ክንፉን አጠፈ፤ ተራመደ፤ ደግሞ ዘረጋ።

ሳይንሱ ኤግሬታ አርዴሲያካ ይለዋል። ጥላው የፀሐይዋን ነጸብራቅ ስለሚያስቀርለት ዓሣውን አጥርቶ ያያል ይላሉ አጥኚዎች፤ ትናንሾቹ ዓሦች መጠለያ ያገኙ መስሏቸው ወደ ጥላው ይገባሉ የሚሉም አሉ። (ለገጣሚ የሚሆን ነገር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ እኔ ገጣሚ አይደለሁም።)

በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኩት ግን «አንድ ጥቁር ሽመላ» የሚል ነበር። አፈርኩ። ሽመላ አይደለምና። በሀገራችን ከ800 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች አሉ፤ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ግን፣ እንደ አንድ አንባቢ ስመለከተው፣ የሚበርረው ሁሉ «ወፍ»፣ እግሩ የረዘመው ሁሉ «ሽመላ» ነው። ገጸ ባሕርይው መስኮቱን ሲከፍት «ወፎች ይዘምራሉ»። የትኞቹ ወፎች? የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር የነገረን ደራሲ ይህን ዘልሎት ያልፋል።

የቋንቋው ድህነት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ያን ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለ ከረጢት አይቶ «አባ ኮዳ» ያለው ሰው ስሙን ያወጣው በአማርኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት አላገላበጠም። ድህነቱ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው፤ ውኃ ዳር አንቆምም፣ ብንቆምም አንጠይቅም።

ይህን ከራሴ ጋር ስሟገት አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን እየገፋ በአጠገቤ አለፈ።

«ያ ወፍ ምን ይባላል?» አልኩት።

«ባለ ጃንጥላው ነዋ፣ ጋሼ!» አለኝ፤ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዐይን እያየኝ። «እዚህ ብዙ አይመጣም። ሲመጣም ብቻውን ነው።»

ስሙ የአጥማጆቹ ሁሉ ይሁን የእርሱ የብቻው ፈጠራ አልጠየቅኩትም። ደብተሬን አውጥቼ «ሽመላ» የሚለውን ሰረዝኩ። ቀና ስል ወፉ ወደ ቄጠማው ተሻግሯል።