የደቅ ጀልባ ስንት ሰዓት ነው?

ወዳጄን ሰሞኑን የግሪክ ደሴቶች ፍቅር ይዞታል። አቴንስ ያለች የአክስቱ ልጅ ከፒሬየስ ወደብ ተነሥታ ሳንቶሪኒ እስክትደርስ የቀረጸችውን ቪዲዮ ልካለት፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ቡና ይዘን ስልኩን ከፊቴ አላነሣ አለ።

‹‹መርከብ ማለት ይሄ ነው! መኪናው፣ አሮጊቷ፣ ቱሪስቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ!››

‹‹እኛም ጣና ላይ ነበረን እኮ›› አልኩት። ‹‹እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ይነሣ ነበር፤ ዘጌንና ደቅን ነካ ነካ አድርጎ ቁንዝላ ያድራል፤ ሰኞ ጎርጎራ ይገባ ነበር።››

ሳቀብኝ። ‹‹ባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ምን በወጣኝ ነው ውኃ ላይ የማድረው?››

‹‹አንተ አስፋልት አለህ። የደቅ ገበሬ ግን አስፋልቱ ጋ በምን ይድረስ? ደቅ እኮ የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ ይታረሳል፣ ከብት ይረባበታል። ለደቅ ሰው ጀልባው አውቶቡሱ ነው።››

‹‹እንዲያ ከሆነ ሽርሽሩን ተወው! የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የናርጋ ሥላሴ ገዳም ስትል የከረምከው ለገበሬው ነው? ዳጋ ደግሞ ሚስትህን ታች አስቀምጠህ ነው የምትወጣው።››

‹‹ናርጋ ሴት ይገባል። ያሠሩትም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።››

‹‹አታምልጥ! ደቅ ላይ ረቡዕ ማታ ምጥ የያዛት ሴት እሑድን ትጠብቅ? ያ ሰው የሚፈልገው ፈጣን ጀልባ ነው፤ አንተ የምታወራለት እየተንቀራፈፈ የሚያድረውን ነው። የሱን ችግር ለራስህ ናፍቆት ታቦካዋለህ።››

እዚህ ላይ ረታኝ። ስኒዬን አነሣሁ፤ ባዶ ነበር። እሱም አይቶታል፤ አስተናጋጇን ጠርቶ ‹‹ለተሸናፊው አንድ ድገሚለት›› አላት።

ግን እጅ አልሰጠሁም። ‹‹ያደነቅካቸው ግሪኮች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ? ቱሪስት በማይደርስባቸው ትንንሽ ደሴቶች በክረምት መርከብ ትርፍ የለውም። መንግሥት ለመርከብ ኩባንያው ይደጉማል፤ መርከቡም ይሄዳል። ሳንቶሪኒ ላይ የሚታየው ግርግር የበጋው ነው፤ ሥራው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ፈጣኑም ይኑር፣ ዘገምተኛውም ይኑር፤ ብቻ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን።››

‹‹መንግሥት ይደጉም ለማለት አፍ አያርፍም። እነሱ የመርከብ ሀገር ናቸው።››

‹‹እኛስ? 38 ሜትር የሚረዝመውን መርከብ፣ ጣናነሽ ሁለትን፣ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ አንሥተን በከባድ መኪና፣ በየብስ፣ ዳገት ቁልቁለቱን አሳልፈን ባሕር ዳር ያደረስን ሰዎች ነን። ይህን የቻለ የሰዓት ሰሌዳ ያቅተዋል?››

‹‹ያቅተዋላ! የመርከቡን ጉዞ ሀገር በስልኩ ተከታተለው። ማክሰኞ ጠዋት ጀልባው ከደቅ በሰዓቱ ሲነሣ ማን ቪዲዮ ያነሣለታል?››

ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን አመጣ። አገጩን ወደ ምኒልክ ሐውልት ቀስሮ፣ ‹‹እሳቸውም እኮ በ1894 ዓ.ም. ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ፈቅደዋል›› አለ። ‹‹ክረምት ውኃው ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ጋምቤላ ይመጣ ነበር፤ ቡናችንን ጭኖ ይመለሳል። ነጋዴዎቹ ውስጥ ግሪኮችም ነበሩ። ዛሬ የት አለ?›› ግሪክን ከቪዲዮ ብቻ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው የፒያሳ ልጅ መሆኑን ረስቼ።

‹‹ባሮ ክረምት ይጠብቃል። ጣና ግን በጋ ከክረምት እዚያው ነው።››

‹‹እምቦጩም እዚያው ነው።››

‹‹ለዚህ ነው ጀልባ በየቀኑ ይመላለስ የምለው!››

‹‹ጀልባ እምቦጭ ያርማል አሉህ? ሞተሩ ውስጥ ተጠምጥሞ ያቆመዋል እንጂ።››

አሁንም አልተስማማንም። እሱ ፈጣን ጀልባ ይግዙ ይላል፤ ለጎርጎራ እንግዳ ቅንጡ መርከብ መኖሩንም አይጠላውም። እኔም አልጠላውም። የጣናን ጀልባዎች የምታስተዳድሩ ግን አደራ፦ ለእንግዳው መርከብ ማስታወቂያ ከመሥራታችሁ በፊት የደቅ ጀልባ መነሻ ሰዓትና ታሪፍ ይቅደም።