ካይቱን እንስፋው እንጂ አንግዛው

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ጥቂት አባላት ያቀረቡት ሐሳብ፣ ማለትም በስኪ የቆመን ሰው በበረዶ ላይ የሚጎትት ካይት በማኅበሩ ስም እንሥራ የሚለው፣ ከሁለት ወገን ተቃውሞ ገጥሞታል። አንደኛው ወገን «ይህ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው፤ የማኅበር ገንዘብ አይወጣበትም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ነገሩን ይወደዋል፤ ግን «ከሱቅ እንግዛው፣ ምን አደከመን?» ባይ ነው። እኛ ከሁለቱም አንስማማም። ይበልጥ የሚያሳስበን ደግሞ ሁለተኛው ነው።

እንደሚታወቀው ከካይሴሪ ከተማ ቀና ሲሉ የሚታየው የኤርጂየስ ተራራ ከፍታው 3,917 ሜትር ነው። ከጫፉ ወረድ ብሎ፣ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዛፍ የሌለበት ገላጣ ቦታ አለ። በብርዱ ወራት በረዶ ይለብሳል፤ ነፋስም አያጣውም። በካይት ለመንሸራተት ከሩቅ አገር የሚመጡበት ስፍራ ነው። እኛ ተራራውን በመስኮት እያየን አራትና አምስት ዓመት ተምረን እንመለሳለን።

የሀብታም ጨዋታ ነው ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ግሪንላንድን በስኪ ሲያቋርጥ፣ ዕቃ የሚጎትቱባቸውን ተንሸራታቾች አጣምሮ የድንኳኑን ወለል ጨርቅ ሸራ አደረገው። ያገሩ ልጅ በርገ ኡስላንድ ደግሞ በ1996 መጨረሻ ተነሥቶ አንታርክቲካን ለብቻው በ64 ቀን ያቋረጠው በነፋስ ጭምር እየተጎተተ ነው። ነፋስ ለማንም የሚሠራ ጉልበት ነው። ክፍያም አይጠይቅም። ገንዘቡን በተመለከተ ግን የተቃዋሚዎቹ ስጋት ተገቢ ስለሆነ አቋማችን ግልጽ ይሁን፦ ለታመመና ለተቸገረ አባል ከተቀመጠው መረዳጃ አንዲት ሳንቲም አይነካም። የጨርቁ ዋጋ ለመዝናኛ ምሽት አዳራሽ ከምንከፍለው ይቀነስ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፍራንሲስ ሮጋሎ በአሜሪካ መንግሥት የአቪዬሽን ምርምር ተቋም የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ከጨርቅ ብቻ የሚሠራ ክንፍ ሐሳቡ በመሥሪያ ቤቱ ተቀባይ ስላላገኘ፣ ከባለቤቱ ከገርትሩድ ጋር በትርፍ ሰዓቱ ቤቱ ውስጥ ይሞክረው ጀመር። የነፋስ መሞከሪያቸው ቬንትሌተርና ካርቶን ነበር። በ1948 ገርትሩድ የወጥ ቤቱን መጋረጃ ቀድዳ በስፌት መኪናዋ ክንፉን ሰፋችው። በ1951 የፈጠራ መብቱን አገኙ፤ በኋላም ለመንግሥታቸው ያለ ክፍያ ለቀቁት። ናሳ በ1960ዎቹ የጠፈር መንኮራኩር በዚህ ክንፍ መሬት ላይ ለማሳረፍ ብዙ ሙከራ አድርጎ በመጨረሻ ፓራሹትን መረጠ። የሙከራው ዘገባ ግን ልኩና የገመዱ ርዝመት ሳይቀር ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ቀረ። ካይት ወዳጆች ከዚያ ዘገባ ቀድተው ዛሬ የናሳ ክንፍ የሚባለውን ሠሩ። እንጨት የለው፣ ድርብ ጨርቅ የለው፤ አንድ ነጠላ ጨርቅና ብዙ ገመድ ነው። እንግዲህ ንድፉ በእጃችን እያለ የምንገዛው ምኑን ነው?

ጨርቁ ነፋስ የማያሳልፍ ናይለን ይሁን፤ የድንኳንና የዣንጥላ ጨርቅ ዘመድ ነው። ሪፕስቶፕ የሚባለው ዓይነት በየመሐሉ ወፈር ያለ ክር በአራት ማዕዘን ስለተሸመነበት፣ ቢቀደድም ቅዱ አይሮጥም። ስፌቱ አያስቸግርም። (ስፌት በተባለ ቁጥር ዓይናቸውን ወደ እህቶቻችን የሚያዞሩ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። መኪናው ጾታ አይለይም፤ ይቀመጡበት።) ትዕግሥት የሚጨርሰው ገመዱ ነው። የቀኙ ገመድ ከግራ አቻው በሁለት ሳንቲሜትር ቢያጥር ካይቱ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። አዲስ ገመድ ስለሚለጠጥም መጀመሪያ ክብደት አንጠልጥሎ መወጠር፣ ከዚያ መለካት ነው።

ሒሳቡም እነሆ። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በኤርጂየስ ከፍታ፣ አየሩም እንደ አዲስ አበባ ሳሳ ያለ በመሆኑ፣ አምስት ካሬ ሜትር ካይት በሰከንድ 5 ሜትር ነፋስ ላይ ቆሞ የሚጎትተው 5 ኪሎ ሸክም ያህል ነው። ይህ በጠንካራ በረዶ ላይ ሰውን ቢያንቀሳቅስ ነው። ነፋሱ 10 ሲሆን ጉተታው 20 ኪሎ፣ 15 ሲሆን 45 ኪሎ ይሆናል። ካይቱ በነፋሱ ውስጥ ሲወናጨፍ ደግሞ ከዚህ እጥፍ ድርብ ይበልጣል፤ ሰውን ከመሬት የሚያነሳውም ያኔ ነው። ይህን ቀመር ፈተና ላይ ያልጻፈ የምህንድስና ተማሪ በመካከላችን የለም። በክንዱ ያወቀው ግን ስንቱ ነው?

የሱቁ ካይት መጥፎ ነው አላልንም። የገዛ ሰው መጎተትን ይማራል፤ የሰፋ ሰው ለምን እንደሚጎተት ያውቃል። የተገዛው ሲቀደድ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፣ የተሰፋው በሰፋው እጅ ይጠገናል። ባገራችን በየግቢው ለአንዲት መለዋወጫ ሲባል ዝናብ የሚመታውን ማሽን ሁላችንም አይተናል። አብዛኛው ተገዝቶ የመጣ ነው፤ ሲገዛ ውስጡን የከፈተው አልነበረም። ንድፈ ሐሳብን ከተግባር ጋር እናዋህድ እያልን በየስብሰባው የምንናገር ሰዎች አምስት ካሬ ሜትር ጨርቅ ከፈራን ነገ ምን ልንሠራ ነው? «በረዶ በሌለበት አገር ምን ይጠቅማል?» ላሉንም፣ በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚዞሩት ክንፎች የሚገዙት በዚሁ የነፋስ ሕግ ነው።

ሐሳቡን የምንደግፈው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ስኪ፣ በሣር ሜዳ፣ በቀላል ነፋስ ይሁን። ጓንትና የራስ ቁር ያላደረገ ገመድ አይጨብጥ። መልቀቂያው ሲለቀቅ ካይቱ ጉልበቱን አጥቶ መሬት መውደቅ አለበት። ያዡ አሥር ጊዜ ለቅቆ አሥሩንም ጊዜ ካልወደቀ፣ ወደ ስፌት መኪናው ይመለስ እንጂ ማንም ስኪ አይሰር።